በስሜ ተሳፈረች

ባለፈው ሐሙስ፣ ከጅቡቲ ከተማ ወጣ ያለችው ፔካ 12 እንደ ምጣድ በጋለችበት፣ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ላይ አምስት ወጣቶች ምግብ ቤቴ ገቡ። ምግብ ቤት ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ፤ ሦስት ጠረጴዛ፣ አንድ ማራገቢያ፣ በቆርቆሮ የተጋረደ ጓዳ ነው። ከፊት ለፊቱ ከአገር ቤት የመጡ ከባድ መኪኖች ተሰልፈው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሾፌሮቹ እትዬ ብርቄ ይሉኛል፣ ወጣቶቹ ማዘር ይሉኛል፤ ሁለቱም ስሜ አይደለም። ከአምስቱ አራቱ ወንዶች ናቸው፤ ጫማቸው ላይ የመንገዱ ነጭ አፈር ጋግሯል። አምስተኛዋ ሴት ናት፤ ሃያ ሁለት ቢሆናት ነው። ቀጥ ብላ ወደ እኔ መጣችና «አቦ እናቴ፣ ቀዝቃዛ ውሃ አለሽ?» አለችኝ። የድሬዳዋ ልጅ መሆኗን በዚያው አወቅሁ፤ የድሬ ልጅ ትልቅ ሰውን አንቱ ማለት አያውቅም፣ ንጉሥም ቢመጣ አንተ ነው የሚለው። እኔም የዚያው አገር ልጅ ነኝና ቅር አላለኝም። ቀና ብዬ ፊቷን ሳይ ግን የያዝኩት ጭልፋ ከእጄ አምልጦ ድስቱ ውስጥ ገባ። የታናሽ ወንድሜ ግንባር ነው። የደምሴ ግንባር፣ የደምሴ የተራራቁ የፊት ጥርሶች፣ ሴት ልጅ ፊት ላይ።

«የማን ልጅ ነሽ?» አልኳት።

«የደምሴ፣ የከዚራ ሠፈሩ። ምን፣ ታውቂዋለሽ እንዴ? እኔ ምትኬ እባላለሁ።»

«መንገዱስ ወዴት ነው?»

ወንዶቹ ተያዩ። እሷ ግን ውሃውን ግጥም አድርጋ ጠጥታ «ዘጠኝ ሰዓት ላይ መኪና ይመጣልናል። ኦቦክ፣ ከዚያ የመን፣ ከዚያ ሳዑዲ» አለች፣ ገበያ እንደሚሄድ ሰው።

«ባሕሩን አትፈሪም?»

«እኔን አይነካኝም!» ብላ ሳቀች። «ባሕር ከእኛ ቤት ድርሻውን ወስዷል። የአባቴን እህት፣ ትርንጎን። ከዚሁ ከጅቡቲ ተነስታ ነው የሰመጠችው። እኔ የእሷ ምትክ ነኝ፤ ስሜን ያወጣችልኝ አያቴ ናት። ‹ባሕር ከአንድ ቤት ሁለት ሰው አይወስድም› ትል ነበር፣ ነፍሷን ይማረውና።»

እናቴ መሞቷን የሰማሁት እንደዚህ ነው፤ ጭልፋ ፍለጋ እጄን ወደ ድስት ሰድጄ። አላለቀስኩም። እትዬ ብርቄ ድሬዳዋ ውስጥ እናት የላትም፤ ማንን ብላ ታለቅሳለች? ለልጆቹ ሩዝ በሥጋ አቀረብኩላቸው፣ ለእሷ አንድ ቁራጭ ጨመርኩላት፣ ከዚያ ደጃፌ ላይ ባለች ባዶ የለስላሳ ሣጥን ላይ ተቀመጥኩ። ትርንጎ እኔ ነኝ። ባሕር ከእኛ ቤት የወሰደው ሰው የለም። ይቺ ልጅ የተማመነችበት የአያቷ ቃል፣ እኔ በዕድሜዬ ከዋሸሁት አንድ ትልቅ ውሸት የመጣ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሁለት ሰዓት ተኩል ነበረኝ። «ታዲያ ንገሪያታ፣ ምን ያስቸግራል?» ትሉኝ ይሆናል። ያን ከተናገርኩ የማጣው ሰው ስላለ ነው። እሷን እንድታውቋት ትንሽ ወደ ኋላ ልመልሳችሁ።

ጅቡቲ የመጣሁት በአሮጌው ባቡር ነው፤ በቲማቲም ሣጥንና በአትክልት ነጋዴ ሴቶች መሐል ተጨናንቄ። ሃያ ዓመቴ ነበር። አበባ የፈሰሰበት ናይለን ቀሚስ ለብሻለሁ፣ ጸጉሬ እንደ ዘመኑ አፍሮ ነው። ናይለን ለጅቡቲ ሙቀት የሚለበስ ነገር አለመሆኑን የነገረኝ አልነበረም፤ ጣቢያው ስንደርስ ቀሚሱ ከገላዬ ጋር ተጣብቆ ነበር። ያኔ የፈረንሳይ ወታደሮች መሐል ከተማ በሕንፃዎቹ ቅስቶች ሥር ቁጭ ብለው ቢራ ይጠጣሉ። ባጌት በሃያ ፍራንክ ይገዛል። በረዶ በአህያ ጋሪ ይዞራል፤ ሻጩ በመጋዝ ሲቆርጠው ልጆች የሚረግፈውን በእጃቸው ይቀልባሉ። ካርቲዬ ሁለት የሚባለው ሠፈር ጥግ ላይ አንድ የየመን ሰው ሱቅ ነበር፤ የካሴት ክር ሲበጠስ በጥፍር ቀለም ይጠግንልን ነበርና የዘመኑ ዘፈኖቻችን ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ቋቅ ብለው ያልፋሉ። ዛሬም ከእነዚያ ዘፈኖች አንዷን በልጆቹ ስልክ ስሰማ፣ ያቺ ቦታ ላይ ስትደርስ ጆሮዬ እንቅፋቷን ይጠብቃል። ሳትደናቀፍ ስታልፍ የሌላ ሰው ዘፈን ትመስለኛለች።

የተቀጠርኩት የፈረንጆቹ ሠፈር ፕላቶ ላይ፣ አንዲት ፈረንሳዊት ቤት ነው፤ ባሏ መኮንን ነበር። ማዳም መጥፎ ሴት አልነበረችም። ስሜን ግን ጠይቃኝ አታውቅም። በገባሁበት ቀን «አንቺ ማሪ ነሽ» አለችኝ። ከእኔ በፊት የነበረችው የአፋር ሴትም ማሪ ነበረች፣ ከእሷ በፊት የነበረችውም ማሪ። ጓዳው ውስጥ የተሰቀለው ሽርጥ ላይ «ማሪ» ተብሎ ተጠልፎ ነበርና ስማችንን ከሽርጡ ጋር ነው የወረስነው። ያኔ ይኼ ያስቀኝ ነበር። በኋላ ያደረግሁትን ሁሉ ያደረግሁት በዚያች ሽርጥ ጥላ ሥር ነው።

ስለ ቀትር ልንገራችሁ። ጅቡቲን ያልኖረባት ሰው ይቺ ከተማ በቀን እንደምትሞት አያውቅም። ሰባት ሰዓት ላይ ጫቱ ይገባል፤ ለአፍታ ጩኸት፣ ጡሩምባ፣ ሩጫ ይሆንና ከዚያ እንደተቆረጠ ክር ጸጥ ይላል። ወንዱ በርጫው ላይ ነው፣ ፈረንጁ ተኝቷል፣ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፣ ውሻ እንኳ ከመኪና ሥር ገብቶ አይንቀሳቀስም። እስከ አስር ሰዓት ድረስ መንገዱ ላይ የሚሄደው ከበረሃ የሚመጣው ትኩስ ነፋስ ብቻ ነው፤ በር ይገፋል፣ ቆርቆሮ ያንኳኳል፣ ሰው የመጣ ያስመስላል። አገር ቤት የቀትር ጋኔን እየተባለ ስንፈራ ነው ያደግነው፤ በዚያ ሰዓት ሳታይው የሚጠራሽን ሰው አቤት አትበዪው ይሉናል። እኛ ገረዶች ግን ልብስ የምናጥበው በዚያው ሰዓት ነበር። ጣራ ላይ ያለው የውሃ በርሜል የሚሞላው ከተማው ሲተኛና ቧንቧውን ሁሉ ሲዘጋው ነው። ስለዚህ ጋኔኑም እኛም በአንድ ፈረቃ እንሠራ ነበር።

ብርቄ የጎረቤት ቤት ሠራተኛ ናት፤ ጣራችንን የሚለየው እስከ ጉልበት የሚደርስ ግንብ ብቻ ነው። የደሴ ልጅ ናት፤ ከእኔ አንድ ዓመት ትበልጣለች። አንድ ቀን ነፋሱ የማዳምን አንሶላ ነጥቆ እሷ ጣራ ላይ ጣለው። ልወስድ ስሻገር የሰቀለቻቸው ሸሚዞች ሁሉ በእግራቸው፣ ማለት በጫፋቸው ተሰቅለው፣ እጅጌያቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ አየሁ።

«ይኼ ምን ዓይነት አሰቃቀል ነው?» አልኳት።

«በአንገቱ የተሰቀለ ነገር ማየት አልወድም» አለችኝ። ከዚያ ፊቴን አይታ «ኧረ ፊትሽን አታጥቁሪው! በእግሩ ሲሰቀል ቶሎ ይደርቃል ብለሽ ያዢው» ብላ ሳቀች። ድምፅ የሌለው ሳቅ ነበራት፤ ትከሻዋ ብቻ ይስቃል። አገር ቤት ያኔ ነገሩ ሁሉ ተበላሽቶ ነበር። አባቷ ቀደም ብሎ ሞቷል፣ እናቷም፤ አንድ ወንድሟን የቀበሌ ታጣቂዎች ከቤት ወስደውት አልተመለሰም። ከዚያ በላይ አልነገረችኝም፣ እኔም አልጠየቅኋት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እጥበታችን አንድ ላይ ሆነ። እርጥብ አንሶላ በአራት ማዕዘን ሰቅለን መሐሉ ላይ ቤት እንሠራ ነበር። ነፋሱ በእርጥቡ ጨርቅ ሲያልፍ ይቀዘቅዛል፤ በዚያ ሁሉ እሳት ከተማ ውስጥ ከፈረንጆቹ መኝታ ቤት ቀጥሎ ቀዝቃዛው ቦታ የእኛ ነበር። ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አንሶላው እስኪደርቅ ግማሽ ሰዓት ነው ያለን፤ ሲደርቅ ግድግዳችን እየቀለለ ይነሳና ጎረቤት ይታያል። እዚያ ውስጥ ራሷን ጭኔ ላይ አድርጋ ትተኛለች፣ ስለ ደሴ ብርድ ታወራኛለች፣ እኔ ስለ ከዚራ ዛፎች አወራታለሁ። አንድ ቀን ሳመችኝ። ወይም እኔ ነኝ የሳምኳት፤ በዚህ ጉዳይ እስክንለያይ ድረስ ተጨቃጭቀናል። ልቤ ያን ያህል ሲመታ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላውቅም። ለዚህ ነገር በቋንቋችን የማውቀው ቃል ስድብ ብቻ ስለነበር ስም አላወጣንለትም። እወዳት ነበር። በሰባ ዓመቴ ዋዜማ ላይ ቆሜ ይኼን ለመጻፍ ማፈር አልፈልግም። እወዳት ነበር፣ እሷም ትወደኝ ነበር፣ ከዚያ በላይ የሚያውቅብን ቢኖር ያ ነፋስ ብቻ ነው።

የብርቄ ማዳም አገሯ ልትገባ ዕቃ ማሸግ ስትጀምር ነው ነገሩ የተበላሸው። የመሥሪያ ካርድ የሚታደሰው አሠሪ ሲፈርም ብቻ ነው፤ ካርድ የሌላትን ደግሞ ራፍል ይይዛታል። ራፍል ማለት አፈሳ ነው፤ መኪናው መንገድ ይዘጋና ሐበሻውን ሁሉ ጭኖ ወደ ጠረፍ ይመልሳል። ሌላው ቢመለስ ይርበዋል፤ ብርቄ ብትመለስ ግን ወንድሟን የወሰዱት ሰዎች ነበሩ የሚጠብቋት። በዚያው ሰሞን ከእናቴ ደብዳቤ መጣልኝ፦ «የመን፣ ሆዴይዳ ሥራ ተገኝቶልሻል፣ ከደላላው ጋር ጨርሰናል፣ ካርድሽን ይዘሽ ተሳፈሪ» ይላል። እኔ መሄድ አልፈለግሁም፣ እሷ መቅረት አልቻለችም። ሐሳቡ የእኔ ነበር። ደጋግሜ ብነግራችሁ አይሰልቻችሁ፤ ሐሳቡ የእኔ ነበር።

«በእኔ ካርድ ሂጂ» አልኳት። ካርዱ ላይ ያለው ፎቶ ጥቁር አፍሮና ሁለት ዓይን ነው፤ ያኔ በዚያ ፎቶ ግማሿ ጅቡቲ መሳፈር ትችል ነበር።

«አንቺስ?»

«ያንቺን ካርድ ማዳም ትፈርምልኛለች። ለእሷ ሁላችንም ማሪ ነን። ከዚያ በሚቀጥለው ጀልባ ባንቺ ስም እመጣለሁ።»

«ሆዴይዳ ላይ ስማችንን እንመላለሳለን ማለት ነው» አለች። ትከሻዋ ሳቀ። «ግን ትርንጎ፣ ያንቺን ስም ይዤ ብለምደውስ?»

ከሰዓት በኋላ አስር ሰዓት ላይ፣ ከዓሣ አጥማጆቹ ወደብ ነው የተሳፈሩት። ሻርፕ ተከናንቤ በበርሜሎቹ አጠገብ ቆምኩ። ደላላው ወረቀቱን ይዞ ስም ይጠራል፤ ካርድ ያያል እንጂ ፊት አያይም። «ትርንጎ!» ሲል አቤት ልል አፌን ከፈትኩ። ከእኔ በፊት ግን «አቤት!» የሚል ድምፅ ከፊቴ ተሰማ፣ የእሷ ድምፅ። በዚያች ቅጽበት ከገላዬ ውስጥ አንድ ነገር ተነስቶ ወደ ጀልባዋ ሲገባ ተሰማኝ፤ ማጋነን ካላችሁት አልከራከርም። ዞር ብላ አላየችኝም፤ እንዳታይ ተስማምተን ነበር።

በስምንተኛው ቀን፣ እሑድ ጠዋት፣ ከቅዳሴ በኋላ አንድ የኛ ሰው የቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ቆሞ ያቺ ጀልባ አለመድረሷን ነገረን። የአስራ አንድ ሰው ስም አነበበ። ሦስተኛው «ትርንጎ፣ ከድሬዳዋ» የሚል ነበር። አጠገቤ የቆመችው የማላውቃት ሴት «ነፍስ ይማር» አለች። እኔም «ነፍስ ይማር» አልኩ። ከአፌ የወጣው እሱ ነው። የራሴን ነፍስ ይማር ብዬ፣ ሻርፔን አስተካክዬ፣ በጠራራ ፀሐይ በእግሬ ወደ ፕላቶ ተመለስኩ። በዚያው ሰሞን የሚያውቁኝ ሁለት ሦስት ልጆች ቢያዩኝ ኖሮ ነገሩ ያኔ ይገለጥ ነበር። ግን ገረድ ከቤት የምትወጣው በእሑድ ነው፤ እኔ ደግሞ ከዚያ በኋላ እሑድ መውጣት አቆምኩ።

በማግሥቱ ቀትር ላይ ግን ጣራ ላይ መውጣት ነበረብኝ፤ ልብስ ሰው ሞተ ብሎ አይጠብቅም። የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ፣ እንዳሻችሁ ተርጉሙት። የመኮንኑን ነጫጭ ሸሚዞች እንደ ልማዴ በአንገታቸው ሰቅዬ ባልዲ ልሞላ ወደ በርሜሉ ሄድኩ። ስመለስ ሁሉም በእግራቸው ተሰቅለዋል። እጅጌያቸው ወደ ታች ተንጠልጥሎ በነፋሱ ይወዛወዛል፤ መቆንጠጫዎቹ በደንብ ጠብቀዋል። የጎረቤቱ ጣራ ባዶ ነው፣ ቤቱም ከተዘጋ ሳምንቱ። በማግሥቱም እንዲሁ ሆነ። በሦስተኛው ቀን ከአንሶላዎቹ በስተጀርባ «ትርንጎ» የሚል ሰማሁ፤ ጮክ ብሎ አይደለም፣ ጓዳ ውስጥ ያለ ሰው ሲጠራ በሚጠራበት ድምፅ። አቤት አላልኩም። ፈራሁ። ልብሱን ጥዬ ደረጃውን ወረድኩና ጓዳ ውስጥ ጆሮዬን ይዤ ተቀመጥኩ። እሷ ዳግመኛ አልጠራችኝም። በኋላ እኔው ነኝ ሳላስተውል በእሷ አሰቃቀል የሰቀልኩት፣ ሐዘን ነው ብዬ ራሴን አሳምኜአለሁ። አቤት ባለማለቴ ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከሦስት ወር በኋላ አንዲት የድሬ አትክልት ነጋዴ ወደ ማዳም ቤት ሎሚ ይዛ መጣች። አታውቀኝም። ዕቃዋን አራግፋ ውሃ ስሰጣት ወሬ ጀመረች፤ እኛ ሠፈር አንዲት ልጅ ባሕር በላት ብላ። ሬሳ ስላልተገኘ ልብሷ ወጥቶ ተለቀሰበት፤ ነጩ የትንሣኤ ቀሚሷ። እናትየዋ ጸጉሯን ተላጨች፣ ደረቷን መታች፣ በአርባው ደግሳ አበላች፤ ሕፃን ወንድሟ ቀሚሱን ቀምቶ አልጋ ሥር ደበቀው፤ ሠፈሩ ሁሉ እንደዚያ ያለ ለቅሶ አላየሁም አለ። እኔ ቆሜ ሰማሁ። ስለ ራስ ለቅሶ መስማት ምን እንደሚመስል ለጠላቴም አልመኝም፤ ቀሚሱን አውቀዋለሁ፣ አልጋውን አውቀዋለሁ፣ የእናቴን ጸጉር በእጄ ጎንጉኜዋለሁ። «ልጅቷ ስሟ ማን ነበር?» አልኳት። «ትርንጎ። አንቺስ የኔ እመቤት?» አለችኝ። «ብርቄ» አልኳት።

ለምን? አርባ ምናምን ዓመት ስጠይቀው የኖርኩት ይኼን ነው። «አለሁ፣ አልሞትኩም» የሚል አንድ ደብዳቤ በቂ ነበር። ግን እኔ አለሁ ካልኩ ማን ሞተ? ይሉኛል። ያኔ ብርቄ ናት ማለት ሊኖርብኝ ነው፣ በራሴ እጅ፣ በራሴ ጽሕፈት። እኔ በሞትኩበት ዓለም ግን እሷ አለች። ሬሳዋን ያየ የለም፤ ሆዴይዳ ደርሳ በስሜ ትኖር ይሆናል፤ ካርዷን ማዳም ፈርማልኛለች፤ ስሟ በቀን ሃምሳ ጊዜ ይጠራል፣ ልብሷ ይታጠባል፣ ዕድሜዋ ይጨምራል። ደግሞም ለብርቄ የሚያለቅስላት ዘመድ አልነበራትም። እናቴ ሳታውቀው ለእሷ አለቀሰችላት፤ አርባዋን አወጣችላት። ያኔ እንዲያ አስቤ ተጽናናሁ። እናቴን በድዬአለሁ። ይኼን ለማንም አላሳምረውም። «ዘንድሮ እጽፍላታለሁ» እያልኩ አንዱ ዓመት ሌላውን ወለደ፣ ከዚያ ከሙታን ተነስቶ መጻፍ እያደር ይበልጥ የሚያሳፍር ሆነ።

ማዳም ሄደች፣ ሽርጡን ለሌላ ማሪ ተውኩላት። ሃያብለ ሠፈር በቆርቆሮ አንድ ክፍል ሠራሁ፣ የልብስ ማጠብ ሥራ ያዝኩ፣ በኋላ እዚህ ፔካ 12 መጣሁ። አሮጌው ባቡር ቆመ፣ አዲሱ መጣ፤ በሃያ ፍራንክ የሚገዛ ነገር ቢኖር አሳዩኝ። ባል ለምን አላገባሽም ሲሉኝ ቆሜ ቀረሁ እያልኩ አስቃቸዋለሁ። ያገባሁ ያህል ነበር፤ የሰው ስም ለብሶ አርባ ዓመት መኖር ከዚህ በላይ ምን ትዳር አለ? አንዳንዴ መስታወት ፊት ስቆም ያረጀችው የትኛዋ እንደሆነች ይጠፋኛል።

ዘጠኝ ሰዓት ሊሆን አሥር ደቂቃ ሲቀረው መኪናው መጣ፤ ነጭ፣ መስኮቱ በመጋረጃ የተሸፈነ። ልጆቹ ፌስታሎቻቸውን አነሱ። ምትኬ ሒሳብ ልትከፍል ወደ እኔ መጣች።

«እናቴ፣ ስንት ነው?»

«ቁጭ በይ» አልኳት።

«አይ፣ መኪናው...»

«ምትኬ። ባሕሩ ከእናንተ ቤት ገና ምንም አልወሰደም።»

ቆመች። «ትርንጎ እኔ ነኝ» አልኳት። ስሜን ከአፌ ስሰማው ባዕድ ሆነብኝ፤ የማላውቃት ሴት አጠገቤ ቆማ የተናገረችው መሰለኝ። ልጅቷ አማተበች። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች፤ ዓይኗ እግሬን ፈለገ፣ መሬት መርገጤን ልታረጋግጥ። ሰባ ሊሞላኝ ጥቂት የቀረኝ አሮጊት፣ ጋኔን ነኝ ብላ ፈራችኝ፤ አልፈረድኩባትም።

«ዋሽተሽኝ ነው» አለች ቀስ ብላ። «እንዳልሄድ ነው።»

«የአባትሽ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ጠማማ ናት።»

«እሱን ያየ ሁሉ ያውቃል። ከዛፍ ወድቆ ነው።»

«ከዛፍ አልወደቀም። ባቡር ጣቢያው በር ላይ እኔ ነኝ የዘጋሁበት፤ አራት ዓመቱ ነበር። እናታችን እንዳትቀጣኝ ከዛፍ ወደቅሁ በል አልኩት። ከረሜላ ገዛሁለት፣ ቀይዋን።»

«ቀይ ከረሜላ» አለች። «አባቴ ሲጠጣ ብቻ ነው የሚናገራት። ‹ከትርንጎ ጋር ያለችኝ አንዲት ምስጢር› ይላል።» ከዚያ ወንበሩ ላይ እንደ ተጣለ ጨርቅ ተቀመጠች። ውጭ ጡሩምባው ጮኸ። ከልጆቹ አንዱ ብቅ ብሎ «ምትኬ፣ ነይ እንጂ!» አላት። አላየችውም። ቆየ፣ እኔን አየኝ፣ ሄደ። ሁለት ጀሪካን ውሃ አሲዤአቸዋለሁ። ለአራቱ ከሞት የምትነሳ አክስት አልነበረችኝም። መኪናው አቧራውን አስነስቶ ወደ ኦቦክ መንገድ ታጠፈ።

ምትኬ ልትቆጣኝ ነው ብዬ ጠበቅሁ፤ ስለ አያቷ፣ ስለ አባቷ፣ ስለ ተሸከመችው ስም። ቁጣዋ ይመጣል፤ አሁንም እየመጣ ነው፣ ይገባታል። ያን ቀን የጠየቀችኝ ግን ሌላ ነው።

«ታዲያ የሰመጠችው ማን ናት?»

ይኼን ጥያቄ አርባ ምናምን ዓመት ስሸሸው ኖሬአለሁ። በሩን አየሁት። ያ ነፋስ ቆርቆሮውን ያንኳኳል፣ መንገዱ ላይ ሰው የለም።

«ብርቄ ትባላለች» አልኳት። «በእኔ ስም ተሳፈረች። ሞታለች።»

«ምንሽ ነበረች?»

ጎረቤቴ ልል ነበር። ጓደኛዬ ልል ነበር። «የምወዳት ነበረች» አልኩ። «ባል ለሚስት እንደሚሆነው።»

ስድቡን ጠበቅሁ። አልመጣም። ልጅቷ ሻሿን ከራሷ ላይ ፈታች፣ ወገቧ ላይ አሰረችው፣ እኛ አገር ለቅሶ ቤት ሲገባ እንደሚደረገው። ከወንበሯ ወርዳ ሲሚንቶው ላይ ተቀመጠችና አጠገቧ ያለውን ቦታ በመዳፏ መታ መታ አደረገችልኝ።

«አልቅሰሽላት ታውቂያለሽ?» አለችኝ።

«ከማን ጋር?»

«የአባቷ ስም ማን ነው?»

«ወርቅነህ።»

«ነይ ቁጭ በይ፣ አክስቴ» አለች። «እኔ እጀምርልሻለሁ።»